ከቀብሩ በኋላ ያለው ዘገባ

በቡና ወራት ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን የሚወስደው አስፋልት እረፍት የለውም። ዋቻን አልፎ ሸዋ ቤንችን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ጀንፈል የጫነ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ሞተር ይሽቀዳደማሉ። በዚያው አስፋልት ጠርዝ ላይ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ ከብት የሚነዱ ልጆችና ብስክሌት የያዙ ተማሪዎች ይሄዳሉ። እንበልና ከእነዚህ ብስክሌተኞች አንዱ አመሻሽ ላይ በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ። ይህ ለማስረዳት የተወሰደ ምሳሌ እንጂ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። የሞቱ ዜና እንዴት ይደርሰናል?

ቅርጹን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። አደጋው በየትኛው ወረዳ፣ ልዩ ስሙ ማን በተባለ ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ ይነገራል። የመኪናው ኮድና ሰሌዳ ቁጥር ይጠቀሳል፤ የአንድ ሰው ሕይወት ማለፉ ይገለጻል። መጨረሻ ላይ የወረዳው ፖሊስ አሽከርካሪዎች ረጋ ብለው እንዲነዱ፣ እግረኞችም ግራቸውን ይዘው እንዲሄዱ ያሳስባል። በማግስቱ ሌላ ዜና ይተካል፤ የዚያ ሰው ጉዳይ ዳግም አይነሳም።

በዚህ ዜና ውስጥ ሐሰት የለም። ጉድለቱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መሆኑ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲሞት ተጠያቂነት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ነው፤ ያን ጊዜ ማይክሮፎኑ እዚያ የለም። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ አካባቢ ደግሞ የዋና ከተማ ጋዜጠኛ ሁለተኛ ተመልሶ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሥራው የአካባቢው ሬዲዮ፣ የአካባቢው ዘጋቢና የአካባቢው አድማጭ ነው። እንዴት ይሠራል የሚለውን ከመሠረቱ እንመልከት።

በቁጥር እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደህንነት ሪፖርት ላይ ኢትዮጵያ በይፋ ያሳወቀችው የአንድ ዓመት ሟች 4,352 ነበር። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በግምቱ ላይ መከራከር ይቻላል። ክፍተቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ግን የሚዛንና የቴፒ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ተጎጂው ቦታው ላይ ካልሞተ ሚዛን አማን ወዳለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ይላካል። እዚያ በአራተኛው ቀን ቢሞት ሞቱን የሚመዘግበው የጅማው ሐኪም ነው፤ አደጋውን የመዘገበው ግን የወረዳው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናኙ ያ ሰው በወረዳው መዝገብ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሆኖ ይቀራል። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሁሉ የመንገድ አደጋ ሟች ነው። ስለዚህ የዘጋቢው የመጀመሪያ ግዴታ ቀላል ነው፤ በሳምንቱም በወሩም ሆስፒታሉ ጋ መደወል።

የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻ እንደማይሆን በቅርቡም አይተናል። ታህሳስ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞች የጫነ አይሱዙ በገላና ድልድይ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የተነገረው የሟች ቁጥር 60 ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 71 ደረሰ። ያ አደጋ በብዛቱ የዓለምን ጆሮ ስላገኘ ቁጥሩ ተከታታይ ነበረው። በሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ብቻውን የሞተ ብስክሌተኛ ግን ተከታታይ የለውም።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። በአሜሪካ ኬልሲ ራልፍና ታራ ጎዳርድ የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች በእግረኞችና በብስክሌተኞች ላይ ስለደረሱ አደጋዎች የአካባቢ ጋዜጦችና ጣቢያዎች የሠሯቸውን 200 ዘገባዎች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ለእኛም አዲስ አይደለም። ዘገባዎቹ ሟቹን መሃል ላይ ያቆማሉ፤ ጨለማ ልብስ ለብሶ ነበር ወይ፣ ያለ ቦታው ተሻግሮ ነበር ወይ ይላሉ። አሽከርካሪው ከአረፍተ ነገሩ ይወጣና መኪናው ብቻ ይቀራል። አደጋውን በዚያው መንገድ ላይ ቀደም ብለው ከደረሱት ጋር የሚያያይዝ ዘገባ በጣም ጥቂት ነበር። ቀጥለውም ለ999 ሰዎች የአንድን አደጋ ታሪክ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አስነበቡ። አሽከርካሪውን የታሪኩ ባለቤት ያደረገውን ያነበቡት ሰዎች ሟቹን መውቀስ ቀነሱ። ስለ መንገዱና ስለ ቀደሙት አደጋዎች የሚያስረዳውን ያነበቡት ደግሞ መንገዱ ይስተካከል ወደሚለው አዘነበሉ። አደጋው አንድ ነው፤ የተለወጠው አጻጻፉ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ለውጥ ከጽሑፍ ይመጣል ወይ ለሚል አንባቢ የኔዘርላንድስ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ዛሬ የብስክሌት አገር የምንላት ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎችን በመንገድ አደጋ አጥታለች፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላዩ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዓመት ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ ሴት ልጁን አጣ፤ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በፍጥነት የሚነዳ መኪና ገጭቷት ሞተች። ለዚያ ሞት የተጣለው ቅጣት 150 ጊልደር ነበር። አባትየው በማግስቱ ዓመት «ዴ ታይድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የልጆች ግድያ ይቁም የሚል ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ርዕስ የንቅናቄ ስም ሆነ፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር መንገድ ዘጉ፣ በብስክሌት ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዘመን የነዳጅ ቀውስም ተጨመረና መንግሥት የመኖሪያ ሰፈሮችን ፍጥነት መቀነስና የብስክሌት መንገድ መሥራት ጀመረ። በአሁኑ ጊዜ በዚያ አገር በዓመት የሚሞተው ሰው ወደ 700 ገደማ ነው፤ መኪናው ግን ከዚያን ጊዜው እጅግ በዝቷል። ላንገንሆፍን ከተራ ሐዘንተኛ የለየው መጻፍ መቻሉ ነበር። በእኛ ገጠር ልጁን ያጣ አባት ብዙ ጊዜ የሚጽፍበት ጋዜጣ የለውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይገባል።

ጥያቄዎቹ ምን ምን ናቸው? ሁሉም ሰው ከአሽከርካሪው ይጀምራል፤ እኛም ከእሱ እንጀምር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። እንደ አሽከርካሪ ያለ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ይሆናል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ደንብ አውቆ ከተጣሰ ወይም አሽከርካሪው ሰክሮ ከነበረ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። በስድስት ወርና በአሥራ አምስት ዓመት መካከል ያለውን ርቀት የሚወስኑት አደጋው በደረሰበት ማታ የሚሰበሰቡ ጥቃቅን እውነቶች ናቸው። መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና የሚሆን ነበር? ትንፋሽ ተለክቷል? መኪናው ቦሎ ነበረው? ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወው የፍሬን ጭረት ስንት ሜትር ነው? ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን ላይ ይህ ሁሉ መስፈር አለበት። ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ጭረቱ እስከ ነገ ላይቆይ ይችላል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ያልፋል፤ በ50 ሲሄድ 14 ሜትር ገደማ። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ «ድንገት ገባብኝ» የሚለው የአሽከርካሪ ቃል ብቻውን ዜና መሆን የለበትም፤ በምን ፍጥነት ላይ ሳለ ነው የገባበት የሚለው ጥያቄ አብሮት መምጣት አለበት። ብስክሌቱ መብራት ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሆኖም ሕያው ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ የሞተው ግን ቃሉን አይሰጥም። ይህን የማያስብ ዘጋቢ ሳያውቀው የአንድ ወገን ጠበቃ ይሆናል።

አሽከርካሪው ጥሎ ካመለጠ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይጨመራል። የተጎዳን ሰው ሳይረዱ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ከአሽከርካሪው ጀርባ ባለቤቱ አለ። ዜናዎቻችን ባለቤቱን እምብዛም አያነሱም፤ ሕጉ ግን ያነሳዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥፋት ሠርቷል ተብሎ መረጋገጥ እንኳ አያስፈልግም። «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚለው መልስ በዚህ ሕግ ፊት አያድንም። ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለው ቀላል ጥያቄ የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ሊለውጥ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ከባለቤቱም ጀርባ የሚቆም አንድ ነገር አለ፤ እሱም የቡናው ጥድፊያ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። ከየቀበሌው ቀይ ቡና እየሰበሰበ ወደ መፈልፈያው የሚሮጠው መኪና ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል፤ ሩጫው የሚበረታው አመሻሽ ላይ ነው፣ ተማሪና ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት። አሽከርካሪው በቀን ስንት ጊዜ እንዲመላለስ ይጠበቅበታል? የሚከፈለው በምልልስ ነው ወይስ በወር? እነዚህን ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አያውቃቸውም። ሚዛን ወይም ቴፒ ያደገ ዘጋቢ ግን ያውቃቸዋል፤ መኪናውን የሚያሰማራውን ነጋዴም በስሙ ያውቀዋል። የአካባቢ ዘገባ ጉልበቱም ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ጎረቤት ነው፣ ምናልባትም የዕድር አባል።

መንገዱም ይጠየቃል። ከጅማ በቦንጋ በኩል ሚዛን የሚደርሰው መንገድ በአፍሪካ ልማት ባንክ ጭምር ታግዞ አስፋልት ሲሆን አካባቢውን ከገበያ ጋር አገናኝቷል፤ ማንም ወደ ጭቃው ዘመን መመለስ አይፈልግም። አስፋልት ግን ፍጥነትን ይዞ ይመጣል። መንገዱ መንደር መሃል ሲያልፍ ፍጥነት መቀነሻ አለ? ትከሻው ለብስክሌት ይበቃል? ጠመዝማዛው ላይ ምልክት ቆሟል? በዋና መንገዶች ላይ መልስ የሚሰጠው የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ በከተማ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሌሎቹ የክልሉ መንገድ ቢሮ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ቦታ እንዲያገኙ በጽሑፍ ቃል ተገብቷል። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯል። ብስክሌት ከከተማው አደባባይ ወጥቶ ገጠሩን ሲያቋርጥ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ገና በአግባቡ አልተጠየቀም።

አሁን በጣም ወደሚያመው ነገር እንግባ፤ እሱም ቤተሰቡ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል። ሽምግልና የዚህ ሕዝብ ሀብት ነው፤ ቂምን ያበርዳል፣ አሽከርካሪው የሟቹን እናት ፊት ለፊት አይቶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ሆኖም በዚያው ሸንጎ ላይ ሐዘን ያደከመው ቤተሰብ ለቀብር ወጪ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ሊፈርም ይችላል። ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። በቸልተኝነት ሰው መግደል የመንግሥት ክስ ነው፤ ቤተሰቡ ታረቀ ተብሎ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ መዘጋት የለበትም። የካሳ ጥያቄውም ከቀብር ወጪ በላይ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2095 የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች መተዳደሪያ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለ ኅሊና ጉዳት ግን ሕጉ በ1952 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ዛሬ በሬዲዮ ተነቦ ሕዝብ ሊወያይበት ይገባል።

መድንም አለ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ የመድን ፈንዱ ለተጎጂው እንዲደርስ ተደንግጓል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ መኪናው ካልተያዘ ነገሩ ሁሉ አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። አንድ የአሥር ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም በቤንችኛ፣ በሸክኛ ወይም በአማርኛ ይህን ቢያስረዳ ከመቶ «ተጠንቀቁ» ማሳሰቢያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ዘጋቢው መረጃውን ከየት ያገኛል? የፖሊስ ኮማንደሩ ስልክ ካላነሳ ዜናው ይቀራል የሚል ልማድ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን ማንም ሰው፣ ጋዜጠኛ ባይሆንም፣ በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለጥያቄው ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መሰጠት አለበት። ከተከለከለ አቤት የሚባልበት እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለምሳሌ የዞኑ ትራፊክ ፖሊስ ባለፉት ሦስት ዓመታት በሸዋ ቤንችና በሚዛን መካከል የሞት አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎች ዘርዝሮ እንዲሰጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ዝርዝሩ ላይ አንድ ጠመዝማዛ ደጋግሞ ከታየ ዜናው ተገኘ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ክፍት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳላቸው ይላል፤ ስለዚህ ዘጋቢው ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ያው አንቀጽ ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመትም ይደነግጋል። አሽከርካሪው ከፍርድ በፊት ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ከተጠራ ዘገባው ራሱ ተጠያቂነትን አጉድሏል።

ስለ ሟቹም አክብሮት ያስፈልጋል። ስልክ የያዘ ሁሉ አደጋ ቦታ ደርሶ አስከሬን ቀርጾ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲለቅ እናያለን፤ እናት የልጇን ሞት ከዚያ የምትሰማበት ጊዜ አለ። ይህ ነውር ነው። ቤተሰቡ ፈቅዶ የሰጠው ፎቶ፣ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበርና ማንን ይጦር እንደነበር የሚናገር አንድ አንቀጽ ከዚያ አስከሬን የበለጠ እውነት ይናገራል።

የአዲስ አበባ አድማጭ ዓመታትን ሙሉ የዕለቱን የትራፊክ አደጋ በኤፍ ኤም ሲሰማ ኖሯል፤ ትራፊክ ፖሊሱ አሰፋ መዝገቡ በዚህ ሥራ ታዋቂ ሆነዋል። ያ ልማድ ሕዝቡን ነቅቶ እንዲሰማ አድርጎታል። ለሚዛንና ለቴፒ የምመኘው ግን ከዕለቱ የሚያልፍ ዘገባ ነው፤ አንድን ሞት ይዞ በሳምንቱ ሆስፒታል፣ በወሩ ዐቃቤ ሕግ፣ በስድስት ወሩ ችሎት፣ በዓመቱ መንገዱ ላይ ተመልሶ የሚገኝ ዘገባ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀን የተጻፈበት ደብተርና ያንን ደብተር የሚገልጥ ሰው ይበቃዋል።

ስለዚህ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በሸዋ ቤንች የምትሠሩ የሬዲዮ አዘጋጆችና የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያዎች፣ ባለፈው የቡና ወቅት ከዘገባችኋቸው የመንገድ ሞቶች አንዱን ምረጡና መዝገቡ የት እንደደረሰ ጠይቁ። አድማጮችም ጣቢያው ጋ ደውላችሁ ይህንኑ ጠይቁ። የሟቹን ቤተሰብ ስታገኙ የካሳ ክስ አቅርበው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመለሱ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2143 ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው።